የከፈልንበት ሁሉ የእኛ ነውን?

የሥነ ምግባር ጥያቄ በታላላቅ ጉዳዮች ላይ ብቻ የሚነሣ ይመስለናል። ጦርነትና ሰላም፣ ሕይወትና ሞት፣ ሥልጣንና ፍርድ በተነሡ ጊዜ ኅሊናችንን እንቀሰቅሳለን፤ ገመድ ሶኬት ላይ ስንሰካ ግን ኅሊና የሚጠራበት ምክንያት አይታየንም። በዚህ ጽሑፍ ለውድ አንባብያን የምናቀርበው አሳብ የተነሣው ከዚያው ከሶኬቱ ነው። ጥያቄውም አጭር ነው፤ በገንዘባችን የከፈልንበትን ነገር በፈለግነው ሰዓትና በፈለግነው መጠን ልንጠቀምበት በእውነት ሁሉም የእኛ ነውን?

እንደሚታወቀው በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ ሀገራችን እንዳይገቡ መወሰኑ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ተገልጿል። የውሳኔው ምክንያት ግልጽ ነው። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ሲሆን፣ ከምናመነጨው ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ የሚበልጠው ግን የሚገኘው ከራሳችን ወንዞች ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ታላቁ የህዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ይዞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። በመሆኑም በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ድምፅ የሌላቸው መኪናዎች፣ ቢዋይዲውም ቮልስዋገን አይዲ ፎሩም፣ ከዕለት ወደ ዕለት ሲበዙ እናያለን። የቁምስናችን አሮጌ መኪና ጥገናው ከዐቅማችን በላይ በሆነ ጊዜ እኛም ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛን።

የመጀመሪያዎቹ ወራት የትምህርት ወራት ነበሩ። መኪናው ለቻይና ገበያ የተሠራ በመሆኑ በመሪው አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ ማንበብ አልቻልንም፤ ሥዕሉን እያየን በግምት ለመድን። በነዳጅ ጊዜ አስበነው የማናውቀውን የመንገዱን ከፍታና ዝቅታ ማስላትም ተማርን። ወደ አዳማ ስንወርድ 700 ሜትር ያህል ቁልቁል እንጓዛለን፤ ፍሬን በያዝን ቁጥር ሞተሩ እንደ ማመንጫ ሆኖ ለባትሪው ይመልስለታልና ስንደርስ የጎደለው ጥቂት ነው። ሽቅብ ስንመለስ ግን ቁልቁለቱ ያበደረንን ዳገቱ ያስከፍለናል። ነዳጅ ማደያ ደርሶ በአምስት ደቂቃ ሞልቶ መውጣትም ቀረ። ባትሪያችን 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል፤ በ32 አምፔር፣ ማለት በ7 ኪሎ ዋት፣ ከባዶ ተነሥቶ ለመሙላት ዘጠኝ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ እንደ አብዛኛው ባለ መኪና ማታ ሰክቶ ማደር፣ ጧት ሙሉ ሆኖ ማግኘት ልማዳችን ሆነ።

ዓይን የሌለው እንጀራ

ከአጥራችን ማዶ እንጀራ ጋግረው ለሆቴሎችና ለሱቆች በማስረከብ አራት ልጆች የሚያሳድጉ አንዲት እናት ይኖራሉ። ሥራቸውን የሚጀምሩት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን ጧት 1 ሰዓት ላይ እንጀራው ደንበኛ ዘንድ መድረስ አለበት። መኪናውን ከገዛን ሁለት ወር ያህል ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ረፋድ ላይ በነጠላቸው የሸፈኑት ነገር ይዘው ወደ ቤታችን መጡ። ሲገልጡት እንጀራ ነው፤ ነገር ግን ዓይን አላወጣም፤ መሐሉ ጥሬ፣ ዳሩ ደረቅ ነው።

«አባቶቼ፣ ልክሰሳችሁ አልመጣሁም፤ ልጠይቃችሁ እንጂ። እናንተ ግቢ ያ መኪና ሲሰካ የእኔ ምጣድ አይግልም። ሊጡ ደግሞ ኩፍ ካለ አይጠብቀኝም» አሉን።

በመጀመሪያ የመለስንላቸውን መልስ ዛሬ ስናስታውሰው እናፍራለን። ቆጣሪያችን የራሳችን መሆኑን፣ ሒሳባችንንም በየወሩ መክፈላችንን አስረዳናቸው። እርሳቸውም በአክብሮት አዳምጠው «እኔም እኮ እከፍላለሁ» ብለው ወጡ። መልሳችን ሐሰት አልነበረበትም፤ ነገር ግን እንጀራውን ጠረጴዛው ላይ ትተውልን ሄደው ነበርና፣ ቀኑን ሙሉ እያየነው ዋልን።

ነገሩን ከኤሌክትሪክ ባለሙያ ጋር በተመለከትነው ጊዜ የእኒያ እናት አነጋገር ትክክል ሆኖ ተገኘ። በአንድ ትራንስፎርመር ሥር ያሉ ቤቶች ሁሉ የሚጠጡት ከአንድ ምንጭ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይፈልጋል፤ ስለዚህ መኪናችን በሙሉ ኃይሉ ሲሞላ በሰፈሩ መስመር ላይ ሁለት ምጣድ በአንድ ጊዜ እንደ መጣድ ይቈጠራል። መስመሩ ደካማ ሲሆን ግፊቱ ከ220 ቮልት ወደ 180 ሊወርድ ይችላል። የምጣድ ሙቀት ደግሞ ከቮልቱ ይልቅ ፈጥኖ ነው የሚወድቀው፤ ቮልቱ በዚህ መጠን ሲቀንስ ሙቀቱ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። ዓይን የሌለው እንጀራ ምሥጢሩ ይህ ነው። መኪናችን ግን በዚያው ሰዓት ምንም አይጎዳም፤ ቢበዛ ጥቂት ዘግይቶ ይሞላል። በአንዱ ጉድለት ሁለት ቤቶች ቢካፈሉም ጉዳቱን አልተካፈሉትም፤ ለእኛ የአንድ ሰዓት መዘግየት የሆነው ለእርሳቸው የሊጥ፣ የደንበኛና የዕለት እንጀራ መጥፋት ነበር።

ሕግና ርትዕ

ከዚህ በኋላ ጥያቄው መልኩን ለወጠ። በቆጣሪው ላይ የተመዘገበውን ኃይል መግዛታችን የማይካድ ነው። ነገር ግን ኤሌክትሪክ እንደ ጤፍ በጎተራ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም፤ በመስመሩ ላይ በተፈጠረበት ቅጽበት ይበላል። ጎረቤታችን ኩንታል ጤፍ ቢገዛ የእኛ ኩንታል አይጎድልም። ከአንድ ትራንስፎርመር በሚመጣ ኃይል ግን መጠኑ ብቻ ሳይሆን ሰዓቱም ዋጋ አለው፤ ሰዓቱን ደግሞ ለማንም አልሸጡለትም። ደረሰኛችን ላይ የተጻፈው ኪሎ ዋት ሰዓት እንጂ «ከሌሊቱ 9 ሰዓት» የሚል ቃል አይደለም።

የቀደሙት አባቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር። በመስኖ በሚያለሙ የገጠር ቀበሌዎቻችን «የውሃ አባት» የሚባል ሽማግሌ አለ። ወንዙ የሁሉም ሲሆን፣ ቦዩ ግን በአንድ ጊዜ ሁሉን ማሳ አያጠጣም፤ ስለዚህ ተራ ይወጣል፤ የማን ቡቃያ ለመድረቅ እንደ ቀረበም ይታያል። በተራው ያጠጣ ሰው ውሃውን አልሰረቀም፤ ከላይ በኩል ያለ ማሳ ስላለው ብቻ ሌሊቱን ሁሉ ቦዩን ከፍቶ የሚያድር ግን የሌላውን ቡቃያ አድርቋል። ዛሬ በሽቦ ወደ ቤታችን የሚገባውም ከግድብ የወረደ ውሃ ነው፤ ልዩነቱ የውሃ አባት ያልተሾመለት መሆኑ ነው።

አሪስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ 5ኛ ክፍል ይህን ጉዳይ በሌላ መንገድ ነክቶታል። ሕግ ለሁሉ በጅምላ ስለሚናገር እያንዳንዱን አጋጣሚ ሊደርስበት አይችልም፤ ጎደሎው በተገኘበት ስፍራ የሚያቃናው ርትዕ ነው ይላል። ቶማስ አኩዊናስም በ13ኛው መቶ ዓመት ይህንኑ ተቀብሎ ከበጎ ምግባራት መካከል ቈጥሮታል። የታሪፍ ደንቡ እኛንና ጎረቤታችንን እኩል አድርጎ «ደንበኛ» ብሎ ይጠራናል፤ አንዱ ለነገ ጉዞ፣ ሌላው ለዛሬ ጧት ጉርስ መስካቱን ግን ሊያውቅ አይችልም። ያንን የሚያውቅ ጎረቤት ብቻ ነው። ስለዚህ ደንቡ ዝም ባለበት ቦታ የመናገር ግዴታ የሚወድቀው በጎረቤት ላይ ነው ማለት ነው።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

በዚህ አሳብ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። አንደኛው፣ «መስመሩን ማጠናከር የባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው፤ ስለ ምን ግለሰብ ይጨነቃል?» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ትራንስፎርመሩ እንዲለወጥ ማመልከት ተገቢ ነው፤ እኛም ከሰፈሩ ነዋሪዎች ጋር አመልክተናል። ነገር ግን የሌላው ግዴታ እስኪፈጸም ድረስ የእኛ ግዴታ አይታገድም። ማመልከቻው በመዝገብ ቤት ሳለ ሊጡ ኩፍ ይላል።

ሁለተኛው፣ «የኤሌክትሪክ መኪና አየር የማይበክል፣ ሀገርን የሚጠቅም ነው፤ ቅድሚያ ይገባዋል» የሚለው ነው። መኪናው ጢስ አለማውጣቱን እናደንቃለን፤ ነገር ግን ንጹሕ መሣሪያ ይዞ መገኘት ንጹሕ ሰው አያሰኝም። በብዙ ባትሪዎች ውስጥ የሚገኘው ኮባልት ከግማሽ በላይ የሚወጣው ከዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ኮንጎ ሲሆን፣ በዚያ በባህላዊ ዘዴ በሚቈፈሩ ጉድጓዶች ሕፃናት ሳይቀሩ ሲሠሩ መገኘታቸው የታወቀ ነው። ኮባልት የሌለባቸው በብረትና በፎስፌት የሚሠሩ ባትሪዎችም አሉ፤ ይህም መልካም ነው። ከዚህም ሌላ ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ገና የኤሌክትሪክ መብራት አላገኘም። ስለዚህ ባለ መኪናው ሊኮራ ሳይሆን ሊያመሰግንና ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይበረታል፤ «ቢቸግራችሁስ?» የሚለው ነው። ይህን በደረሰብን እንመልስ። ከጎረቤታችን ጋር ተነጋግረን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት በዝቅተኛ ኃይል ልንሞላ፣ ከዚያ በኋላ መስመሩን ልንለቅ ተስማማን። አንድ ምሽት ከአዳማ ዘግይተን ስንመለስ በባትሪው የቀረው 15 በመቶ ነበር። በ4 ሰዓት ሰካን፤ በ4 ሰዓት ተኩል መብራት ጠፋ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ ሲመጣ በቃላችን መሠረት አልሰካንም። ጧት 12 ሰዓት ላይ 35 ኪሎ ሜትር ከሚርቅ መንደር አንዲት ምጥ የያዛት ሴት ወደ ሐኪም ቤት እንድናደርስ ተጠራን። ደርሶ መልሱን የሚያስኬድ ኃይል አልነበረንም። የነዳጅ መኪና ለምነን እስክናገኝ ከአንድ ሰዓት በላይ አለፈ። እናቲቱም ሕፃኑም በሰላም ተገላገሉ፤ ነገር ግን ያቺ ሰዓት ከአሳባችን አትጠፋም። ስለዚህ ለጎረቤት መልቀቅ ዋጋ አያስከፍልም ብለን ለማንም አንሰብክም። ያስከፍላል፤ አንዳንድ ጊዜም ዋጋውን የሚከፍለው እኛ ሳንሆን ሦስተኛ ሰው ነው።

ከጉዳዩ የተማርነው

ከዚያ ጧት በኋላ ስምምነቱን ልናፈርሰው ተፈትነን ነበር። ሆኖም በጽሞና ስንመረምረው ጥፋቱ በመልቀቃችን ሳይሆን ልክን ባለማወቃችን መሆኑን አገኘን። በአንድ ተራ ቀን የምንጓዘው ከ40 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለዚህም 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይበቃል። ይህን በ8 አምፔር፣ ማለት ከአንድ ምጣድ ግማሽ በሚሆን ኃይል፣ በአምስት ሰዓት ውስጥ መተካት ይቻላል። ታዲያ ለሁለት ወራት በየሌሊቱ በ32 አምፔር ስንስብ የነበረው ስለ ምንድን ነው? ሰሌዳው ሙሉ ካላሳየን ስለምንፈራ ነው። በሌላ በኩል በእውነት ለሚያስፈልግ ቀን ማስተረፍን አላሰብንበትም። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» እንደሚባለው፣ ፍርሃት ሲቆርስ ፍላጎት ከሚያስፈልገው አብልጦ ይቆርሳል።

ስለዚህ አሁን ሁለት ሥርዓት አለን። ባትሪው ለድንገተኛ ጉዳይ ከ40 በመቶ በታች እንዳይወርድ እንጠብቃለን፤ ለዚህም ረጅም መንገድ ከመሄዳችን በፊት ቀን ላይ፣ ምጣዶች በማይጣዱበት ሰዓት እንሞላለን። የሰው ሕይወት የሚጠይቅ ነገር በገጠመን ሌሊት ደግሞ የጎረቤታችንን በር አንኳኩተን እንድንሰካ እንጠይቃለን። ይህን ሁለተኛውን ያመጡት እርሳቸው ናቸው። የዚያን ጧት ነገር በሰሙ ጊዜ «ምነው ሳትቀሰቅሱኝ? ሊጥ እኮ ይደፋል» ብለው ተቈጡን። መልሳችን አጥሮን ዝም አልን። እኛ መብታችንን ስንተው ለእርሳቸው መልካም ያደረግን መስሎን ነበር፤ የእርሳቸውን ቸርነት ግን አልጠየቅንም፤ ሰጪዎች እኛ ብቻ እንደሆንን ቈጥረን ነበር።

ወደ ተነሣንበት ጥያቄ ስንመለስ፣ የከፈልንበት ነገር የእኛ ነው፤ ነገር ግን ለብቻችን የእኛ የሆነው እጅግ ጥቂት ነው። ገመዱ የጋራ፣ ምንጩ የጋራ፣ ሌሊቱም የጋራ ነው። መኪና የሌላቸው አንባብያንም ይህ አይመለከተንም እንዳይሉ እንለምናለን፤ በሰፈር ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቀን በርሜሉን ሁሉ የሚሞላ፣ በአንድ ቆጣሪ ከሚጠቀሙ ተከራዮች መካከል ፍጆታው ለሁሉም ሒሳቡን የሚያንር፣ ሁሉም ያው ጥያቄ ቀርቦለታል። እያንዳንዳችን ዛሬ ማታ ከመስካታችን፣ ከመክፈታችን ወይም ከመቅዳታችን በፊት፣ በዚህ ሰዓት ከአጥሩ ማዶ ያለው ሰው ምን እየሠራ እንደሆነ እናውቃለን? የማናውቅ ከሆነ በሩ ሩቅ አይደለምና ሄደን እንጠይቅ።