ጥበብ በእርሻችን ድንበር ላይ



ጥበብ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የመጻሕፍትን ዕውቀት ወይም የንግግርን ችሎታ ነው። ቅዱሳት መጻሕፍት ግን ጥበበኛውን ሰው የሚመረምሩት በገበያ ሚዛኑ፣ ለሠራተኛው በሚከፍለው ደመወዝና በእርሻው ወሰን ላይ ነው። መጽሐፈ ምሳሌ አባቶች ያቆሙትን የድንበር ምልክት እንዳናፈልስ፣ ወደ ድሃ አደጎች እርሻም እንዳንገባ ያስጠነቅቃል (ምሳ. 22፥28፤ 23፥10)። ኦሪት ዘዳግምም ድንበር ገፊውን ከተረገሙት ጋር ይቆጥረዋል (ዘዳ. 27፥17)።

ይህ ቃል ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ገበሬ የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም። ከጉና ተራራ እስከ በሽሎ ሸለቆ ባለው ተዳፋት አገር ይዞታው ጠባብ ስለሆነ አንዲት ትልም እንኳ ዋጋ አላት። አንድ ሰው በየዓመቱ ማረሻውን አንድ ስንዝር ብቻ ወደ ጎረቤቱ ቢያዘነብል በመጀመሪያው ዓመት የሚያስተውለው የለም። በዐሥረኛው ዓመት ግን ዐሥር ስንዝር ይሆናል። በዚህ መካከል ባለመሬቱ ያርፋል፤ ሚስቱም በሬ ስለሌላት መሬቷን በእኩል ታሳርሳለች። ስለ እርሷ ማን ይሟገታል? የድሃ አደጎችን ነገር እግዚአብሔር ራሱ እንደሚይዝ መጽሐፉ ይነግረናል (ምሳ. 23፥11)። ልጆቹም ያድጋሉ፤ የአባታቸው ድንበር የት እንደነበረ ከእናታቸው ይሰማሉ። በመሬት የተነሣ ቂም ስንቱን ቤት ለደም እንዳደረሰ የአገራችን ሽማግሌዎች ያውቃሉ።

መንግሥት በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አድርጎ ዐውጇል። በአማራ ክልልም በ1990ዎቹ ዓ.ም. ምዝገባ ተጀምሮ በባልና በሚስት የጋራ ስም የይዞታ ደብተር ተሰጥቷል። ይህ ለመበለቶች ትልቅ ድጋፍ ነው። ይሁን እንጂ ገበሬው ብቻውን በሬውን ጠምዶ በሚያርስበት ማለዳ ደብተሩ በሣጥን ውስጥ ነው። በዚያች ሰዓት ወሰኑን የሚጠብቀው ፈሪሃ እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ጥበብም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ድንበር የሚገፋ ሰው ራሱንም ይጎዳል። በሁለት ማሳዎች መካከል ሣር ለብሶ የሚቀረው ያልታረሰ መስመር የክረምቱን ጎርፍ ያዘገያል፤ አፈሩንም ይይዛል። እርሱ ሲታረስ ውኃው ጉልበት ያገኛል፤ የሁለቱንም ጎረቤቶች አፈር ጠርጎ ይወስዳል። ንጉሥ አክዓብም ቤተ መንግሥት ሳያንሰው የናቡቴን የወይን ቦታ ተመኘ፤ ያገኘው ግን ደምና ፍርድ ነበር (1ኛ ነገ. 21)።

ታዲያ የገፋ ሰው ምን ያድርግ? በንስሐ ፊት መናገሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን በዚያ አይበቃም። በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ የሰውን ንብረት በግፍ የወሰደ ለባለቤቱ የመመለስ ግዴታ እንዳለበት ያስተምራል (ቁ. 2412)። ዘኬዎስም ጌታን በቤቱ በተቀበለ ቀን የበደላቸውን ሰዎች አራት እጥፍ ለመካስ ቃል ገባ (ሉቃ. 19፥8)።

ስለዚህ፣ ወዳጆቼ፣ የክረምቱ እርሻ ሳይጀመር በበጋው ሁለት ሽማግሌዎች ይዘን ወደ ጎረቤታችን እንሂድ። የተነሣውን ድንጋይ ወደ ቦታው እንመልስ፤ ሣሩም ይብቀልበት። ለዚህ የሚያስፈልገን አንዲት ቃል ናት፤ «በድያለሁ» ማለት። ለመናገር ከባድ ናት፤ ለልጆቻችን ግን ከተጨማሪ ጥማድ መሬት ትበልጣለች። ዕድሜያችን የገፋ ደግሞ ልጆቻችንን ወደ ማሳው ወስደን እውነተኛውን ወሰን በዓይናችን ብርሃን ሳለን እናሳያቸው። ያልተናገርነውን ስንሞት ጠብ አድርገን እናወርሳቸዋለንና።

በከተማ የምትኖሩም እርሻ ስለሌለን አይመለከተንም አትበሉ። የሠራተኛችሁ ደመወዝ፣ የምትሰፍሩበት ጣሳ፣ በቢሮ ደጃፍ የሚጠብቃችሁ ድሃ ተራ ድንበሮቻችሁ ናቸው። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ልጆቹን ምሳሌውን በቃል ከማስያዝ አልፋችሁ በቤታቸው እንዴት እንደሚኖሩበት ጠይቋቸው።

የጥበብ መንበር የምንላት እመቤታችን ድንግል ማርያም በእጃችን ያለው የሌላ ሰው ድርሻ እንዲታየን፣ ታይቶንም እንድንመልሰው ታማልደን። አሜን።