እንግዳው መምህር ምን ይማር?

በሰው አገር ቋንቋ ሊያስተምር የሄደ ሰው «ለመድኩ» ማለት የሚችለው መቼ ነው? ቤት ሲያገኝ ነውን? ወይስ ምግቡ ሲስማማው?

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1962 ወደ 300 የሚጠጉ የአሜሪካ ሰላም ጓድ አባላት በትምህርት ቤቶቻችን ሊያስተምሩ መጡ። እንግሊዝኛ የሚያስተምሩም ነበሩባቸው። የአገልግሎት ዘመናቸው 2 ዓመት ነበር፤ ሆኖም ከመምጣታቸው በፊት ዋሽንግተን በሚገኘው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ አማርኛ ተምረዋል።

«ለ2 ዓመት ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ሥራቸው ማስተማር አይደለምን?» የሚል ይኖራል። ነገሩ ግን የፍትሕ ጥያቄ ነው። ለምሳሌ በደነባ የመረሬውን ጭቃ እየረገጠ ትምህርት ቤት የሚመጣ ልጅ የባዕድ ቃል እንዲያጠና ይጠየቃል፤ ሲሳሳትም ይታረማል። የዚህን ልጅ ሰላምታ እንኳ ለመማር ያልፈቀደ መምህር «የእኔ ቋንቋ ይጠናል፣ ያንተ ግን አያስፈልግም» ብሎ ሳይናገር ተናግሯል። በአንጻሩ ገበያ መካከል በአማርኛ ተኮላትፎ የተሳቀበት መምህር የተማሪውን ሀፍረት ያውቀዋል፤ ትዕግሥቱም ከዚያ ይመጣል።

ይሁን እንጂ ግዴታው የእንግዳው ብቻ አይደለም። በስሕተቱ የምንስቅ እኛም በወጉ ልናርመው ይገባል። ለማስተማር በመጣበት ቦታ መማርን የተቀበለ ዕለት፣ ያን ጊዜ እንግዳው ለመደ ማለት ይቻላል።