ኮምፒዩተሩ ነው ያለው

ባለፈው ዓመት ለአንድ ጉዳይ ጭሮ ሄጄ፣ ወዳጄ በሒሳብ ሹምነት ከሚሠራበት መለስተኛ የዱቄት ፋብሪካ ጎራ አልኩ። ያረጀውን የሒሳብና የንብረት ሶፍትዌር አውጥተው አዲስ ያስገቡበት ሰሞን ነበር። ቢሮው ግን ለቅሶ ቤት ይመስላል። አዲሱ ሶፍትዌር መጋዘን ውስጥ 312 ከረጢት አለ ይላል፤ ሲቆጠር የተገኘው 187 ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ቁልፍ የያዙት አዛውንት የ125 ከረጢት ዋጋ ሊከፍሉ ነው።

«ጋሼ፣ እኔ ምን ላድርግ? ኮምፒዩተሩ ነው ያለው» ይላቸዋል ወዳጄ፣ ዓይን ዓይናቸውን ሳያይ።

እሳቸው ቢን ካርዳቸውን እንደታቀፉ ዝም አሉ። እውነቱን ልናገርና፣ እኔም በልቤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያልኩ ነበር። ሳልጠየቅ ፈርጄባቸዋለሁ።

ነገሩን የፈታችው የሽያጭ ሠራተኛዋ ናት። ዱቄቱ ሲገባ «ዱቄት 50 ኪሎ»፣ ሲሸጥ ደግሞ «ግማሽ ኩንታል» ተብሎ የሚመዘገብበት ጊዜ ነበር። አሮጌው ሶፍትዌር ሁለቱን እንደ ሁለት ዕቃ ይይዛቸዋል፤ አንዱ ሲከመር ሌላው ከዜሮ በታች ይወርዳል። በየወሩ መጨረሻ እሷና አዛውንቱ በእጅ ያቻችሉታል። ሒሳቡን ወደ አዲሱ ያዛወረው ባለሙያ ግን ከዜሮ በታች ያለውን ስህተት ነው ብሎ ተወው። ስንት ነበር? 125!

የጭሮ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ከተማውን ዛሬም አሰበ ተፈሪ የሚለው ሞልቷል። የሒሳብ ሰዎቻችንም ባለቤቱ ኩባንያ «ሴጅ 50» ካለው ከአሥር ዓመት በላይ የሆነውን ሶፍትዌር አሁንም ፒችትሪ ይሉታል። አንዱ ነገር ሁለት ስም እንዳለው የሚያውቀው የኖረበት ሰው ነው፤ ማሽን ያልነገሩትን ከየት ያመጣል?

«ለአንድ መጋዘን ይህን ያህል?» ትሉኝ ይሆናል። በእንግሊዝ ፖስታ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ «ሆራይዘን» የሚባል ሶፍትዌር ገብቶ ያልነበረ ጉድለት ያሳይ ነበር። እስከ 2015 ድረስ ከ900 በላይ ሰዎች ተፈረደባቸው፤ የታሰሩ አሉ፣ ስማቸው ሳይጠራ የሞቱም አሉ። በ2024 ፓርላማው በልዩ ሕግ የብዙዎቹን ፍርድ ሻረ። እዚያም መነሻው «ኮምፒዩተሩ ነው ያለው» ነበር።

ጎተራ የሚሸረሽር እጅ የለም አልልም። ባለንብረት መጠንቀቁ መብቱ ነው። አሮጌው ሶፍትዌርም መውጣት ነበረበት፤ የፋብሪካ ሒሳብ በሁለት ሰው ጭንቅላት ላይ ተንጠልጥሎ መኖር የለበትም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ ማሽንና ሰው ሲለያዩ የማስረዳት ሸክሙ በማን ላይ ይውደቅ? ምስክር «እንዴት አወቅህ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ማሽኑን ግን ማንም አልጠየቀውም። እኔ ሸክሙ ለውጡን ባመጣው ላይ ነው እላለሁ። አሮጌውንና አዲሱን ለጥቂት ወራት ጎን ለጎን ማስኬድ፣ የቁጥሩን አመጣጥ ማሳየት፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ቁልፍ የያዘውን ሰው መጠየቅ የእሱ ግዴታ ነው። ሶፍትዌር ሲለወጥ መዛወር ያለበት ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን የሰውየው ዕውቀትም ነው።

ዕዳው ተሰረዘላቸው። አዛውንቱም ቢን ካርዳቸውን ይዘው ወደ መጋዘናቸው ተመለሱ። ይቅርታ የጠየቃቸው ግን አላየሁም። ሶፍትዌሩስ አፍ የለውም፤ እኛ ምን ሆነን ነው?