ሰማይ የማን ነው?

ሞተር በሌለው የጨርቅ ክንፍ፣ በፓራግላይደር፣ የሚበር ሰው አንድ መከራከሪያ አለው፤ «ሕይወቴ የራሴ ናት፤ ብወድቅም የምወድቀው እኔ ነኝ» ይላል። ነገሩ በምድር ላይ ሲሰሙት እውነት ይመስላል።

በየካቲት 2007 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ፣ ማኒላ በተባለች ከተማ አቅራቢያ፣ የጀርመን ቡድን በራሪ የሆነችውን ኤቫ ቪሽኒየርስካን ነጎድጓዳማ ደመና ስቦ እስከ 9,946 ሜትር አወጣት። ራሷን ስታ፣ በበረዶ ተሸፍና፣ በሕይወት ተመለሰች። በዚያው ማዕበል የተያዘ አንድ ቻይናዊ ግን ሞተ። ያ ከፍታ የመንገደኞች አውሮፕላኖች የሚመላለሱበት ነው። በዚያ ደመና ውስጥ ማን ማንን ሊያይ ይችል ነበር?

በዓለም አቀፉ የአየር ደንብ፣ ሞተር ያለው አውሮፕላን ሞተር ለሌለው ተንሳፋፊ መንገድ ይለቃል። በ1982 የወጣው የአሜሪካ ደንብ ደግሞ ከፓራግላይደር በራሪ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ነገር ግን ለማናቸውም አውሮፕላን እንዲለቅ፣ ከደመናም እንዲርቅ ያዝዘዋል። ሁለቱ የሚጋጩ ይመስላሉ። ይሁንና በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዝ ክንፍ ከጄት ሊያመልጥ አይችልም፤ የሚችለው አስቀድሞ በሚታይበት ስፍራ መገኘትን ነው። እንግዲህ ብርቱው የማየት፣ ደካማው የመታየት ዕዳ አለበት።

ኤቫ ወድዳ አልተሳበችም። ወድዶ ደመና ውስጥ የሚገባ ሰው ግን ከራሱ ሕይወት ጋር፣ ስሙን እንኳ የማያውቀውን አብራሪና የተሳፋሪዎቹን ሕይወት ያስይዛል። ያንን እንዲያስይዝ የፈቀደለት የለም።