ማየትም ወሰን አለው?

«ዓይን አይበላ፣ አይሰብር፤ ማየት ምን ይጎዳል?» ስንል ኖረናል። ሰሞኑን ግን ጣና ላይ ከባለታንኳው ጋር እየተጋገዝን ስንቀዝፍ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ግድም ጉማሬ ከነግልገሏ ብቅ አለች። «አባባ፣ ጠጋ ይበሉ እንጂ፤ ሒሳቡን እንጨምራለን» አልናቸው። መቅዘፊያቸውን አነሱና «ከዚህ ወዲያ ደጇ ነው» አሉን።

ፈርተው ነው እንበል? ጉማሬ ታንኳ ትገለብጣለች፤ መፍራታቸውም ተገቢ ነው። ያፈርነው ግን እኛ ነን። ለአንድ አፍታ እይታ ብለን የእናትን ሰላምና የሽማግሌን ነፍስ በገንዘብ ልንገዛ ቃጣን!

«ያላዩትን መውደድ እንዴት ይቻላል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ጣናን በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቦታል፣ ቢሆንም የሚያየውና የሚወደው ከሌለ መዝገብ ብቻውን አይጠብቀውም። ነገር ግን የተቀመጥንበት ታንኳ ራሱ ወፎች ከሚጠለሉበት ደንገል የታጨደ ነው። ገና ሳንጠጋ ከቤታቸው ወስደናል።

እንግዲህ ምን ይሻላል? የሰው ቤት ስንደርስ «ቤቶች!» ብለን ደጅ እንቆማለን፤ «ግቡ» ካልተባልን እንመለሳለን። ጉማሬዋ ግልገሏን ይዛ ጠለቀች፤ መልሷ ይኸው ነበር። እኛም ታንኳውን አዞርን። ከሩቅ ማየት ካነሰን፣ ይሉኝታ አጥተናል ማለት ነው።