ከሞተሩ በፊት ሒሳቡ

የአሮጌ መኪና ባለቤት የደከመውን ሞተር አውርዶ በምትኩ ዘመናዊ ሞተር ለመግጠም ሲያስብ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «ሞተሩ ስንት ይሸጣል?» ብሎ ነው፤ መጠየቅ የሚገባው ግን «መኪናው ሊብሬው ተስተካክሎ፣ ቦሎው ተለጥፎ፣ ፍሬኑ ታምኖ መንገድ እስኪወጣ ድረስ ስንት ይፈጃል?» ብሎ ነበር። የሁለቱን ጥያቄዎች ልዩነት ያላስተዋለ ሰው ሞተሩን የገዛ ዕለት ሥራው ያለቀ ይመስለዋል፤ ከወራት በኋላ ግን ጎማው ተንፍሶ፣ ዕቃው ተበታትኖ በጋራዥ ጥግ አቧራ የሚለብስ መኪና ባለቤት ሆኖ ይገኛል።

ፍላጎቱ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ዛሬም የሚታየው ቮልስዋገን ቢትል፣ ሕዝቡ በአጭሩ «ቮልስ» የሚለው፣ ባለ 1200 ሲሲ ሞተሩ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከፋብሪካ ሲወጣ 34 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ከተማ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነና ሞተሩ የሚስበው ኦክስጅን በዚያው መጠን ስለሚያንስ፣ ከዚህችው ጉልበት ሩብ ያህሉ ዳገቱ ሳይጀመር ይጎድላል። የመጨረሻው ቢትል እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ ፑዌብላ ከተማ ተሠርቶ ምርቱ ከቆመ ወዲህ፣ ይልቁንም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. በኋላ፣ በእጅ ያለውን መኪና ዕድሜ ማራዘም ከብልህነት የሚቆጠር ሆኗል።

ይሁን እንጂ ዘመናዊ ሞተር ብቻውን አይመጣም። በአሜሪካና በብሪታንያ ብዙ የቮልስ ወዳጆች የሚመርጡት የሱባሩ ሞተር ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ይህ ሞተር እንደ ቮልሱ ሁሉ ቦክሰር የሚባለው፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ የተጋደሙ ዓይነት በመሆኑ በቅርጹ ቢመሳሰልም፣ በጠባዩ ግን ሌላ ነው። የቮልሱ ሞተር በነፋስ ሲቀዘቅዝ ሱባሩ የሚቀዘቅዘው በውኃ ስለሆነ፣ ራዲያተር ይተከላል፤ ራዲያተሩ ከፊት ከሆነም ውኃው የሚመላለስባቸው ረጃጅም ቱቦዎች በመኪናው ሆድ ሥር ይዘረጋሉ። የቮልሱ የቤንዚን ፖምፓ ለካርቡራተሩ የሚያደርሰው ግፊት ከግማሽ ባር በታች ሲሆን፣ ኢንጀክሽን የተባለው ቤንዚንን አድቅቆ የሚረጨው ሥርዓት ግን ወደ 3 ባር ስለሚጠይቅ፣ ፖምፓውም ጎማ ቱቦውም ማሰሪያውም ይለወጣሉ፤ አሮጌውን ቱቦ ለአዲሱ ግፊት ማዋል በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ለመርጨት መዘጋጀት ነው። ሞተሩን ከነባሩ ካምቢዮ ጋር የሚያጋጥም፣ አዳፕተር የሚባል ብረትም ያስፈልጋል፤ ሞተሩን የሚያዘው ኮምፒውተርና ከሴንሰሮቹ ጋር የሚያገናኘው የሽቦ ጥቅል አብረው ካልተገዙ ደግሞ ሞተሩ የቱንም ያህል ጤነኛ ቢሆን አይነሣም። ከሁሉም በላይ ለ34 የፈረስ ጉልበት የተበጀ የታምቡር ፍሬን 130 ገደማ ጉልበት ካለው ባለ 2.2 ሊትር ሞተር ጋር ሲጣመር፣ መኪናው ለመፍጠኑ እንጂ ለመቆሙ ማንም ዋስ ሊሆን አይችልም።

ስለዚህ በጀት የሚያወጣ ሰው ወጪውን በአራት ዐምድ ይጻፈው። በመጀመሪያው ሞተሩን ከነኮምፒውተሩ፣ ከነሽቦውና ከነሞተሪኖው፤ በሁለተኛው ማገጣጠሚያውን፣ ማለትም አዳፕተሩን፣ የቶርኖ ቤትና የብየዳ ሥራውን፣ ራዲያተሩን፣ ፖምፓውንና ማርሚታውን፤ በሦስተኛው ፍሬኑን፣ ካምቢዮውንና ጎማውን፤ በአራተኛው የእጅ ዋጋውን፣ የምርመራውንና የሊብሬ ማስተካከያውን ወጪ ያስፍር። በድምሩም ላይ ቢያንስ ከመቶ 20 እጅ መጠባበቂያ ይጨምር፤ ዛሬ በመለዋወጫ ገበያው በሱማሌ ተራ የተጠየቀ ዋጋ ከሦስት ወር በኋላ እዚያው አይጠብቅምና። ገንዘቡ ቢያጥር የሚቀነሰው ከጌጡና ከጉልበቱ ይሁን እንጂ ከሦስተኛው ዐምድ ፈጽሞ አይሁን፤ የዚያን ዕዳ የሚከፍለው ባለመኪናው ብቻ ሳይሆን መንገድ የሚሻገረው እግረኛም ነውና።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ የሥራው ቅደም ተከተልም የበጀቱ አካል ነው። ልኬቱ ሳይወሰድና የአራቱም ዐምዶች ገንዘብ ሳይሞላ ነባሩ ሞተር አይውረድ፤ ከመካኒኩ ጋር የቃል ስምምነት ሳይሆን ውል ይጻፍ፤ ክፍያውም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ሥራው በደረሰበት ደረጃ የሚቆራረጥ ይሁን። የሞተሩ ቁጥር በሊብሬ ላይ የሚሰፍር ስለሆነ፣ ደረሰኝና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን የሌለው ሞተር ምንም ቢረክስ አይገዛ፤ ለውጡን የሚመዘግበው መሥሪያ ቤት የሚጠይቀው ነገርም ከግዢው በፊት እንጂ ከግዢው በኋላ አይጣራ። የወረደው ሞተር በዘይት ተቀብቶና ተሸፍኖ ይቀመጥ፤ ነገ መኪናውን በጥንት መልኩ የሚፈልግ ገዢ ቢመጣ ዋጋ የሚያወጣው እርሱ ነው።

ሒሳቡ አልገጥም ያለው ሰውም ነባሩን ሞተር አስወርዶ ማሳደሱን እንደ ሽንፈት ሊቆጥረው አይገባም፤ በልኩ ታድሶ ቀስ እያለ ዳገቱን የሚወጣ ቮልስ፣ ባለ 130 ጉልበት ሆኖ ጋራዥ ከቀረው ይበልጣል። አሮጌ መኪና የሚወድ ሁሉ እንግዲህ መፍቻ ከማንሣቱ በፊት እርሳስ ያንሣ።