«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ለሚንቀጠቀጥ እጅ ይሠራል?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት ሳይሰማ ያደገ አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። እናት ለልጇ፣ ነርስ ለታካሚዋ፣ ሽማግሌ ለተኳረፉ ባልና ሚስት ይሉታል። ከሕመም አልፎ ለብድርም፣ ለመሥሪያ ቤት ገመናም ያገለግላል። ሲጠቀስ ግን ጥፋቱን ሁልጊዜ የሚጭነው በደባቂው ላይ ነው። ታማሚው ዝም አለ፣ ስለዚህ መድኃኒቱ ቀረበት። የሰሚው ነገር አይነሳም። መድኃኒቱም መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ጠያቂውን እንደሚጠብቅ ተቆጥሮ ይታለፋል። ለወባ ወይም ለሳንባ ነቀርሳ ሲነገር አያከራክርም፤ ተናገር፣ ተመርመር፣ ኪኒንህን ጨርስ፣ ዳን። እኔ ልፈትነው የፈለግሁት ግን እንደ ልብ በማይደበቅና ጨርሶ በማይድን ሕመም ነው፦ ከወላጅ ወደ ልጅ በሚወርድ መንቀጥቀጥ።

ቤቴል፣ እኛ ሰፈር፣ ቡና ሲያፈሉ ሲኒውን ከግማሽ በላይ የማይሞሉ አንዲት እናት አሉ። እንግዳ ከበዛ ጀበናውን ለልጃቸው ያቀብላሉ። «እሷ ትቅዳ፣ እኔን ወገቤን ይዞኛል» ይላሉ፤ ወገባቸው ግን ደህና ነው። እጃቸው ጭናቸው ላይ እስካረፈ ድረስ ምንም አይልም። ጀበናውን ሲያነሱ ይጀምረዋል፤ አፉ ወደ ሲኒው በተጠጋ ቁጥር ይብስበታል፤ የጀበናው አፍ የሲኒውን ጠርዝ ቶሎ ቶሎ ይነካካና ቡናው ረከቦቱ ላይ ይፈሳል። በዓመት በዓል ጉርሻ መስጠት ከተዉ ቆይተዋል። ታላቅ ወንድማቸውም እንዲሁ ናቸው። ታክሲ ውስጥ ሒሳብ ሲያቀብሉ ሳንቲሙ ከእጃቸው ይረግፋል። አንድ ጊዜ ረዳቱ «ፋዘር፣ ገና በጠዋቱ?» ብሎ ተሳፋሪውን አስቆባቸዋል። ሰውየው መጠጥ ቀምሰው አያውቁም። ልጅቷም በበኩሏ ቁልፍ ቀዳዳው አልገባ ሲላት «ብርዱ ነው» ማለት ጀምራለች።

በዚህ ቤት የሚደበቀው ምንድን ነው? መንቀጥቀጡንማ ቡና የጠጣ ሁሉ አይቶታል። ተሸፍኖ ያለው የሦስቱ እጅ አንድ ታሪክ እንዳለው ነው። ሦስቱም ለየብቻቸው ሰበብ አላቸው፤ ወገብ፣ እርጅና፣ ብርድ። አንድ ላይ ተቀምጠው «ይኼ ነገር የአባታችን ነው» ያሉ ቀን ያለ አይመስለኝም።

ሐኪሞች ይህን ሕመም «ኢሴንሻል ትሬመር» ይሉታል። ከእንቅስቃሴ ሕመሞች መካከል በዓለም ላይ በብዛት ከሚታዩት አንዱ ነው። ብዙዎቹ ታማሚዎች ቤተሰባቸው ውስጥ ሌላ የሚንቀጠቀጥ ሰው አላቸው፤ በዘር በሚወርድበት ቤት አንድ ወላጅ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ያህል ነው። አንዳንዱን በወጣትነቱ ይጀምረዋል፣ አብዛኛውን ዕድሜው ሲገፋ። ከእጅ አልፎ ጭንቅላትን «እንቢ» እንደሚል ሰው ያወዛውዛል፣ ድምፅንም ያርገበግባል። ድካም፣ ንዴትና የሰው ዓይን ያባብሱታል፤ በአንዳንዱ ሰው ላይ ደግሞ ራሱ ቡናው። ሕይወት አይቀጥፍም። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1817 ከጻፈለት ሕመም ጋር ግን ሰዎች ዘወትር ያምታቱታል። የፓርኪንሰን እጅ በአብዛኛው የሚንቀጠቀጠው ሥራ ፈትቶ ሲያርፍ ነው፤ ጽሑፍም እያነሰ እያነሰ ይሄዳል። የዚህኛው እጅ ሲያርፍ ዝም ብሎ ዕቃ ሲያነሳ ይነሳበታል፤ ጽሑፉም ይተልቃል፣ ይዛባል። ሐኪም ወረቀት ሰጥቶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት የመሰለ ጥምዝ መስመር የሚያስሥለው ይህንኑ ለማየት ነው።

ታዲያ ቤተሰቡ ለምን ዝም አለ? መልሱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከቤቴል ብዙም ሳይርቅ ዘነበወርቅ አለ፤ እዚያው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው አለርት። ሥጋ ደዌ በአገራችን ለዘመናት «የዘር በሽታ» ሲባል ኖሯል። ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥረው ዝምድናን ለመለየት ቢሆንም፣ መንገድ ላይ ሌላም ነገር ያጣራል፦ ደዌ አለባቸው? የሚጥል በሽታስ? አለ ከተባለ ሽማግሌው ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል፣ አይመለስም። ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን የሥጋ ደዌን ተሕዋስ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው፤ በስሙ የተሰየመው የምርምር ተቋምም እዚያው አለርት ግቢ ውስጥ ነው። የሚተላለፈው በተሕዋስ እንጂ በዘር እንዳልሆነ ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ያስፋፋው የጥምር መድኃኒት ሕክምና ቢበዛ በአንድ ዓመት ያድናል። ተረቱ ሙሉ በሙሉ እውነት የሚሆነው በእንዲህ ዓይነቱ ሕመም ነበር፤ የደበቀ ጣቱን አጣ፣ ቶሎ የተናገረ ዳነ። ግን ስንቱ ነው የደበቀው! የደበቀውም መድኃኒቱን ንቆ አይደለም። እህቱ ባል እንዳታጣ ነው።

የእኛ ሰፈር እናት ያደጉት ይህን እያዩ ነው። «የዘር ነው» የሚባል ቃል ቤት ሲያዘጋ አይተዋል። ስለዚህ በእውነት በዘር የሚወርድ ነገር ቤታቸው ሲገባ፣ ምንም ሰው የማይገድል ቢሆን እንኳ፣ ስሙን ከማንሳት ወገባቸውን ቢከሱ መረጡ። ተረት ሰጪው ማኅበረሰብም በሌላ አፉ «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ብሏቸዋል። ሁለቱን ተረቶች ያስተማራቸው አንድ ሰፈር ነው። አንዱ ተናገሪ ይላል፣ ሌላው ከተናገርሽ የሚመልሰው የለም። ልጃቸው ገና አላገባችም፤ በእኔ አስተያየት ሁለተኛውን መስማታቸው ሞኝነት አልነበረም።

ከቤት የማይወጣ ሕመም ቤት ድረስ ሄዶ ካልተፈለገ እንደማይገኝ የሚያሳይ ሥራ በአገራችን ተሠርቷል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቡታጅራ አካባቢ፣ በመስቃንና ማረቆ፣ ከበር በር እየዞሩ 60,820 ሰዎችን ስለ ነርቭ ሕመሞች ጠይቀዋል። ካገኟቸው መካከል የሚጥል በሽታ ያለባቸው ከሺህ ሰው አምስት ያህል ነበሩ፤ ከእነርሱም ዘመናዊ መድኃኒት ያገኙት እጅግ ጥቂት። ተረቱ «ታማሚው ይምጣ» ሲል፣ እነርሱ ራሳቸው ሄዱ።

አሁን ወደ ሁለተኛው የተረቱ ግማሽ፣ ወደ መድኃኒቱ። እናትየዋ ነገ ተነሥተው ሐኪም ቤት ቢሄዱና ሁሉንም ቢናገሩ ምን ያገኛሉ? ፈውስ አያገኙም። ምናልባት ፕሮፕራኖሎል ይታዘዝላቸው ይሆናል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብላክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለልብ ሕመም ያወጣው፣ እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎቹ አንዱ የሆነ መድኃኒት ነው። አስም ላለበት አይሆንም፤ የጀመረም ሰው በድንገት አያቋርጠውም። ፕሪሚዶን የሚባል ለሚጥል በሽታ የሚሰጥ መድኃኒትም አለ። ሁለቱም የሚያስታግሱት ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉን ነው፤ ያም ቢሆን መንቀጥቀጡ ይቀንሳል እንጂ ብን ብሎ አይጠፋም። በውጭ አገር አንጎል ውስጥ ሽቦ በማስገባት፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ደግሞ በአሜሪካ የራስ ቅል ሳይከፈት በድምፅ ሞገድ የሚሰጥ ሕክምና ተፈቅዷል። ቤቴል ላለች የቡና እናት ግን ይህ የሩቅ አገር ወሬ ነው።

መጠጥም አለ። አንድ ብርሌ ጠጅ የብዙ ታማሚዎችን እጅ ለሰዓት ለሁለት ሰዓት ፀጥ ያሰኛል። ረዳቱ «ገና በጠዋቱ?» ያላቸው ሰውዬ ጠጥተው ቢሆን ኖሮ ሳንቲሙ ባልረገፈ ነበር። ስካሩ ሲበርድ ግን መንቀጥቀጡ ብሶ ይመለሳል፤ በዚህ መንገድ ሱሰኛ የሆነም አለ።

እንግዲህ ተረቱ እዚህ ወደቀ? እኔ ግማሹ ቆሟል ባይ ነኝ። መናገር ፈውስ ባያመጣም ሌላ የሚያስገኘው አለ፤ ፓርኪንሰን አይደለም መባል አለ። የታይሮይድ ሆርሞን መብዛት፣ እንደ ሳልቡታሞል ያለ የአስም መድኃኒት ወይም ሌላ ሊስተካከል የሚችል ምክንያት እንዳለ በምርመራ መታየት አለ። አሜሪካዊቷ ተዋናይት ካትሪን ሄፕበርን ጭንቅላቷና ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ ስትተውን ሰው ሁሉ ፓርኪንሰን ነው ይል ነበር። እሷ ግን ከአያቷ የወረሰችው እንደሆነ ተናገረች፤ አራተኛውን ኦስካር የወሰደችበት እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ፊልም ላይ መንቀጥቀጡ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አልዳነችም፣ ሥራዋን ግን አላቆመችም።

ኑሮውም ቢሆን ዘዴ አለው። ከባድ ኩባያ፣ በሁለት እጅ መያዝ፣ ክርንን ጠረጴዛ ላይ ማሳረፍ። ባንክ ቤት ፊርማዬ አልመሳሰል አለ የሚል ሰው በጣት አሻራ መስተናገድ ይቻል እንደሆነ ይጠይቅ። የእኛ ማዕድ ደግሞ ለዚህ ሕመም ከማንኪያ አገር ይሻላል፤ ጠቅልለው የያዙት እንጀራ እንደ ሾርባ አይፈስም።

ተረቱ የዘነጋው ሰሚውን ነው። አንድ ሰው የሚናገረው ከተናገረ በኋላ የሚጎድልበት እንደማይበዛ ሲያምን ነው። ስለዚህ ልመናዬ ለሁለት ወገን ነው። እጅህ ዕቃ ስታነሳ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ወደ ሐኪም ስትሄድ የቤተሰብህን ነገር ይዘህ ሂድ፤ አባትህ፣ አክስትህ፣ አያትህ እንዴት እንደነበሩ ጠይቀህ፣ የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ ጨምረህ። መንቀጥቀጡ በድንገት ከጀመረ፣ ወይም አንድ ጎን መዛል ካለው፣ ያን ቀን አታሳድር። ሽማግሌ ሆነህ የሰው በር የምታንኳኳ ከሆነ ደግሞ የሚንቀጠቀጥ እጅ የቀዳልህን ቡና ጠጥተህ ጉዳይህን ጨርስ፤ ልጅቷን የሚያስከለክል ነገር እዚያ ሲኒ ውስጥ የለም።